ጫፍ ላይ ያለው ማርሽ

ጥር 6፣ ሰኞ

ሁለት ፍሬን አስተካከልኩ። አንድ የሚያፈስ ራዲያተር በየድኩ። ከምሳ በኋላ የሰማያዊቷን ካምቢዮ ገጠምኩ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። በሰባት ወር የሚወለድ ሰው አለ እኮ!

ሰማያዊቷ የጡረተኛዋ ዳኛ መኪና ናት፤ የሟች ባለቤታቸው ማስታወሻ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን አውቶማቲክ ናት። ስትመጣ አለቃዬ ምን ነበር ያለው? "የዱሮ አውቶማቲክ ምን ያደርጋል? አውጥተሽ ጣይው፣ በእጅ የሚቀየር እንገጥምላታለን።" ለእኔ ይተዉልኝ አልኩት። የፍሪሲዮን ሸራዎቹን አንድ በአንድ አጠብኩ፣ የደረቁትን የዘይት ማሸጊያ ጎማዎች በእጄ ቆርጬ ተካሁ… ዛሬ ግቢ ውስጥ ነዳኋት። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታልፍ አልተሰማኝም። ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ዳኛዋ መጡ። መሪውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ፦

"ካምቢዮውን ማን ነው የሠራው?"

አለቃዬ ዓይኑን በጨው አጥቦ፦ "ማን ይሆናል እትዬ፣ እኔ ነኛ! እንቅልፍ አጥቼ!"

እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። እስከ ክርኔ ዘይት።

"እሷስ?"

"እሷማ ቁልፍ ታቀብለኛለች።"

ቁልፍ ታቀብለኛለች!

ደሜ ፈላ። ቢሆንም ለትልቅ ሰው ክብር መንፈግ አልወድም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር "ሊቀ ካምቢዮ" ተብሎ ይጠራ። ሹመት ያዳብር።

ጥር 10፣ ዓርብ

ቁልፍ አቀበልኩት። አሥራ ሦስቱን አለኝ፣ አሥራ ሰባቱን ሰጠሁት። ትንሽ ነገር ናት… ግን ጀምሬያለሁ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

እሑድ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት አለ። ሊቀ ካምቢዮ ሰማያዊቷን ራሱ ነድቶ፣ በሳንቃ መወጣጫ ወደ መድረክ ሊያወጣት ነው። መወጣጫው ሥር፣ ከኋላዋ፣ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ያቆማል፤ "የካምቢዮ ንጉሥ" የሚል። አልቀለደም። ለጽሑፉ ቀለም ሲያስመርጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ የበቀል መዝገብ ተከፈተ።

የዛሬ አውቶማቲክ ላይ፣ መምረጫውን ዘንግ እስከ ጫፍ ስትስበው የምታገኘው ለዳገት የሚሆነውን ጉልበታም ማርሽ ነው። ሰማያዊቷ ግን የዱሮ ሰው ናት። ጉልበታሙ ከጫፉ አንድ ቀደም ብሎ ነው ያለው። ጫፍ ላይ ያለው የኋላ ማርሽ ነው። ድሮ መሪው ሥር ማርሾቹን የሚያሳይ ፊደል ነበራት፤ በዘመን ብዛት ጠፍቷል። አዲስ ፊደል ያለው ሳህን አስቀርጫለሁ። የት ነው? ቱታዬ ኪስ ውስጥ።

ሊቀ ካምቢዮ እስካሁን ሰማያዊቷን አንድ ቀን እንኳ አልነዳትም። ልንገረው?

ማልሁ፦ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ካልጠየቀኝ… ቁልፍ አቀባይ ምን ያውቃል?

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሕሊናዬ ጠዋት መጥቶ ጨቀጨቀኝ። እሺ አልኩት፤ መወጣጫው ጋ ሄጄ መኪናዋ ከምትቆምበት በስተኋላ ያለውን ቦታ በገመድ አስከለልኩ፣ ማንም እንዳይቆም። እዚያ ያለው የንጉሡ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በቀሌ ሰው አይነካም።

ደግሞ ዕድል ሰጠሁት። አዎ፣ እኔ!

"ጋሼ፣ ስለ ነገው… ስለ ማርሹ የሚጠይቁኝ ነገር የለም?"

"አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪ? እኔ መኪና ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም!"

"እሺ ጋሼ።"

እንደዚህ የሚጣፍጥ "እሺ" ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ጥር 19፣ እሑድ

ጽሑፌ ተጣሞብኛል። ከሳቅ።

ደረቱን ነፍቶ መጣ። መወጣጫው ሥር አቁሞ ለሰዉ እጁን አውለበለበ። ከዚያ ለዳገቱ ብሎ ዘንጉን እስከ ጫፍ ሳበው፣ ቤንዚኑን ረገጠ።

ሰማያዊቷ ታዛዥ ናት። ወደ ኋላ ሄደች። ጓ! የካምቢዮ ንጉሥ ከነዙፋኑ ታጠፈ። የመኪናዋ መከላከያ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ የዱሮ ብረት።

ሰዉ ሳቀ። ሊቀ ካምቢዮ ላብ አጥምቆት ወረደ። በዓይኑ ፈለገኝ፣ አገኘኝ፣ ጣቱን ቀሰረብኝ፦

"እሷ ናት! ይሄን ካምቢዮ የሠራችው እሷ ናት! ብቻዋን! እኔ እጄን አላስገባሁበትም!"

ሰባት ወር የጠበቅሁትን ቃል… በዚያ ሁሉ ሰው ፊት… በራሱ አፍ! ይሄን እኔ እንኳ አላቀድኩትም።

ዳኛዋ ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

"የዚያን ዕለት እኔ ነኝ ብለውኝ ነበር። የቱን ልያዝ?"

"እ… ያኔ እትዬ… ማለቴ…"

"እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?"

"እሷ ናት አልኩ እኮ!"

"ቃልዎን ተቀብያለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም፣ እትዬ።"

"እስቲ አሳዪን።"

ገባሁ። ከጫፉ አንድ ቀደም ብሎ። በጣቴ ብቻ። ሳንቃው አልጮኸም፣ ሞተሩ አልጮኸም፤ ሰማያዊቷ እንደ ሙሽራ መድረኩ ላይ ወጣች። ያጨበጨቡት ለማን ነው? ለእኔ ነው እንዴ? ለእኔ ነው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥር 27፣ ሰኞ

ግቢው ውስጥ ሦስት የዱሮ አውቶማቲኮች ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው በር ላይ "ያቺ ካምቢዮ የምትሠራዋ አለች?" ይላሉ። ሊቀ ካምቢዮ በእጁ ወደ እኔ ያመለክታል። አሁን ጣቱን አይቀስርም፤ በመዳፉ ነው። ቆርቆሮው ተቃንቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል።

ዛሬ ሰማያዊቷን ለዳኛዋ ሊያደርስ ነበር። መሪው ጋ ተቀመጠ። ዘንጉን ነካ… ተወው… ወረደ።

"እህቴ…"

"አቤት ጋሼ።"

"ያ የኋላ ማርሽ… የት ነው የሚገባው?"

መሐላ መሐላ ነው። አሳየሁት። ከዚያ ሳህኑን ከኪሴ አወጣሁና መሪው ሥር አጎንብሼ፣ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ።

"አሥሩን ቁልፍ ያቀብሉኝ።"

ስምንቱን አቀበለኝ።

"አሥሩን፣ ጋሼ።"

ሄዶ አሥሩን አመጣ።