ዶላር ያበደበት ክረምት

ግንቦት 8
ዝናብ። የአቀስታው ሚኒባስ ጭቃ ላይ ቀርቶ እነ የዓለምዘርፍ በእግር ደረሱ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ስምንት ወፍጮ ይፈልጋሉ። አባ ከሕንድ በዱቤ አስመጥቶላቸዋል፤ ዕዳው በዶላር ነው፣ የሚከፈለው ጥቅምት ላይ። ሴቶቹ ግን የሚከፍሉት በብር። እስከዚያ ብር ቢወርድስ?

ውሉ ላይ “ዋጋው እንደ ምንዛሪው ይስተካከላል” የሚል መስመር ጨምሬ ነበር። አባ በእስክሪብቶ ሰረዘው። “እጅ ጨብጬ የተናገርኩት ዋጋ ነው።”
“እንግዲያው ከምንዛሪው ለውጥ በሌላ መንገድ እንከለል። ሄጅ እናድርግ” አልኩት።
“ሂጅ የሚባለው ለሴት ነው። እኔን ሂድ በይኝ።”
ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ፤ እያረርኩ። ሒሳብ የተማርኩት ለአባቴ ለሐጂ ጀብሪል ቀልድ ማድመቂያ ነው እንዴ?

ሰኔ 4
ደሴ ውዬ መጣሁ። ባንክ ገብቼ፣ የጥቅምቱን ዶላር ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ትይዙልኛላችሁ ወይ አልኩ። የባንኩ ልጅ ትክ ብሎ አየኝ። “እሱን እንኳ አንሠራም።” ያ ሁሉ ትምህርት ለፈተና ብቻ ኖሯል...

አንድ መንገድ ይቀራል። ማሾ ገዝተን ወደ ውጭ ብንልክ ገቢያችንም በዶላር ይሆናል፤ ዕዳው ሲያብጥ ገቢውም አብሮ ያብጣል። አባ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “ማሾ አላውቅም። የማላውቀውን ነግጄ ልክሰርልሽ?” አለ።

ሰኔ 30
የዓመቱን ሒሳብ ዘጋሁ። ዕዳውን በዛሬው ምንዛሪ ወደ ብር መለስኩት። አንዱ ዶላር ሃምሳ ሰባት ከምናምን። ትርፍ አለ! “አልሐምዱሊላህ፤ አየሽ?” አለኝ አባ። አየሁ። ደስም አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሐምሌ 22
ጠዋት ሬዲዮ። ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ሰባ አራት ገባ። አባ ድምፁን ጨምሪው አለኝ። ቆይቶ ዝጊው አለ። ምሳ አልበላም።

ሐምሌ 30
መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የዓለምዘርፍ መጣች። ወሬው እነሱም ዘንድ ደርሷል።
“ሐጂ፣ ተመካክረናል። የአቅማችንን እንጨምርልዎ። እርስዎ ከስረው እኛ ብንፈጭ ደግ አይደለም።”
“ዶላሩ ረክሶ ቢሆን እቀንስልሽ ነበር?”
ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።
“አልቀንስም ነበር። ታዲያ ሲወደድ በምን አፌ ጨምሪ ልበልሽ?”

ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። ግትር! ግን ሳስበው... እኔ ከባንክ ያጣሁትን ከለላ ሴቶቹ ከአባ አገኙ። እሱን ማን ይከልለው?

ነሐሴ 14
የመጨረሻው ወፍጮ ተጫነ። ጫኞቹ ሲወረውሩት አባ ጮኸ፤ “ቀስ በሉ እንጂ፣ የሰው ንብረት ነው!” የሰው... መኪናው እንደወጣ ደላላ ጠርቶ መጋዘኑን አሳየው። ዕዳው በብር እጥፍ ሊሆን ነው። ለአባ በቁጥር ላሳየው ብዬ ጀመርኩ። “አውቀዋለሁ ልጄ” አለኝ። ልጄ ብሎኝ አያውቅም፤ ፈይዛ ነበር የሚለኝ።

ነሐሴ 27
አባ የለም። ዐስር ሰግዶ ጋደም እንዳለ። ልቡ ነው አሉ።

መስከረም 2
ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ ነው። የዓለምዘርፍ ሴቶቿን አስከትላ መጣች፤ ዱቄት አሸክማ። “ሶብሩን ይስጥሽ” አለችኝ። ዱቄቱን መክፈት አልቻልኩም።

መስከረም 18
ኦዲተሩ፣ ጋሽ አስናቀው፣ ከደሴ ደወለ። የሰኔ 30ው ሒሳብ አይነካም አለ። ትርፉም እንዳለ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የሆነው በማብራሪያ ብቻ ይገባል፤ ምን እንደሆነና በገንዘብ ምን ያህል እንደሚጎዳ።

የምንዛሪውን አሰላሁ። ከባድ ቁጥር ነው፤ ግን ቁጥር ነው፣ ወጣ።
“የ... የባለቤቱስ?” አልኩት።
“እሱም ይጻፋል፣ ፈይዛ። ስንት እንደሆነ ማወቅ ካልተቻለ፣ አልተቻለም ብለሽ ጻፊ። ደንቡ ይፈቅዳል።”

ጻፍኩ። “የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ጀብሪል ነሐሴ 27 ቀን በሞት ተለይተዋል። ጉዳቱን መገመት አይቻልም።”