ድምፅን በግራና በቀኝ ያቀባበሉት አቶ ሸጋው አረጋ

እዚህ መቃብር ዙሪያ ከቆማችሁት መካከል አቶ ሸጋው አረጋን «ቴፕ አበላሽ» ብሎ ያልጠራ፣ ሌላው ሲጠራቸውም ሰምቶ ዝም ያላለ ማን ነው? ጥያቄው ይቆየንና በመጀመሪያ ማን እንደነበሩ ይሰማ።

አቶ ሸጋው ከአባታቸው ከመሪጌታ አረጋ ባዘዘው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ ደባሱ በ1941 ዓ.ም. በላስታ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ተወለዱ። ዜማን ከአባታቸው እግር ሥር ተማሩ። ማሕሌት ሲቆም በቀኝና በግራ ከተሰለፉት ሊቃውንት አንዱ ወገን የጀመረውን ሌላው ሲቀበለው መስማት ከሁሉ ይበልጥባቸው ነበር። ዘመናዊ ትምህርታቸውን በላሊበላ ከተከታተሉ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ወደ አስመራ ተሻግረው የሬዲዮ ጥገና ሙያ ቀሰሙ። በ1965 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርቄ ውቤን አግብተው መነንንና አዝመራውን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. በአውራጃው የኪነት ቡድን የድምፅ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። ሦስት ቴፕ በአንድ አግዳሚ ላይ ደርድረው አንዱን የመቅረጫ ክር በሦስቱም ያሳልፉት ነበር። የመጀመሪያው የዘፋኟን ድምፅ ይቀዳል፤ ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ በግራው ድምፅ ማጉያ፣ ሦስተኛው ደግሞ በቀኙ መልሶ ያሰማዋል። ቴፖቹን እያራራቁና እያቀራረቡ፣ የሚመለሰው ድምፅ ልክ ጭብጨባው ላይ እስኪያርፍ ድረስ አይተዉም። ዘፋኟ ፀሐይቱ፣ «ጋሽ ሸጋው ካሉ በአንድ አፍ ገብቼ በሦስት አፍ እወጣለሁ» ትል ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ከበሮው ከተለካለት ፍጥነት ካልወጣ ነው። ይህንንም ለቡድኑ መሪ ለአቶ ሙሉሃብት ጋሻዬ ደጋግመው አስረድተዋል።

በ1975 ዓ.ም. ወገል ጤና ላይ በተደረገው ውድድር እንግዶቹ ሊያጨበጭቡ ሲነሱ፣ አቶ ሙሉሃብት ደስ ብሏቸው በእጃቸው ምልክት ከበሮውን አስቸኮሉት። ዘፈኑ ቴፑን ጥሎት ሄደ። ያለፈው ስንኝ በአዲሱ ላይ እየተደረበ በዘፈኑ ውስጥ ያለው የአብዮቱ መፈክር ተተራመሰ፤ አዳራሹም ሳቀ። በማግስቱ በተደረገው ግምገማ አቶ ሙሉሃብት ብድግ ብለው «ሸጋው ሆን ብሎ በመፈክራችን ላይ አሹፏል» አሉ። አቶ ሸጋው የመለሱት «ቴፑ አልዘገየም፤ ከበሮው ነው የቸኮለ» ብለው ብቻ ነው። ማን ይስማቸው። ዓመት ያህል ታስረው ሲፈቱ ሥራቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ሙጃ ገበያ ላይ ሬዲዮ እየጠገኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ልጆቹም በትምህርት ቤት «የቴፕ አበላሽ ልጆች» እየተባሉ አደጉ።

አቶ ሸጋው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት አቶ ሙሉሃብት ማር ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠውም «ከበሮውን ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉ። ወይዘሮ ብርቄ በጆሯቸው ሰምተዋል። አቶ ሸጋውም «እኔማ ይቅር ብያለሁ። የወነጀልከኝ ግን በጉባኤ ነው፤ ለሰዎቹ ንገራቸው እንጂ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መለሱላቸው።

ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ39 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያለ ድካም ከሚያመሰግኑት ማኅበር ይደምርልን።

አቶ ሙሉሃብት፣ እዚህ መምጣትዎን አይተናል። ክሱ በአደባባይ ነበር፤ ይቅርታው ግን በጓዳ ሆነ። አፈሩ ሳይመለስ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ከበሮውን ማን እንዳስቸኮለው ይናገሩ።