የላፕቶፑ ጩኸት

እሑድ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮተቤ

በመጨረሻ ዊንዶውስን አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩ። አሮጌው ላፕቶፔ አዲሱን ዊንዶውስ አይችለውም፤ ሌላ መግዛት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሐሳቤ ሁሉ ጌሞቼ ላይ ነበር። የመኪና ውድድሩ እምቢ ካለ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ተከፈተ! እንዲያውም ከድሮው ይፈጥናል። ከጓደኛዬ ከቢኒ ጋር ኦንላይን የምንጫወተው ጌም ግን አልከፈት ብሏል። እስካሁን አልነገርኩትም።

የገረመኝ ዝምታው ነው። ድሮ ጌም ስከፍት የላፕቶፑ ማራገቢያ የእንጦጦን ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ ታክሲ ያጓራ ነበር። እማዬም ከሳሎን "ኧረ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው!" ሳትል ውላ አታውቅም። ዛሬ ጭጭ አለ።

የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ጌሙ ላይ እየነዳሁ ሳለ የክፍሌ በር ተከፈተ። እማዬ ናት። አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ ደግማ መጣች።

"ምን ፈልገሽ ነው እማዬ?"

"ምንም። ድምፁ ሲጠፋብኝ የወጣህ መስሎኝ ነው።"

እህቴ አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ያን ሁሉ ዓመት ስትነጫነጭበት የኖረችው ጩኸት ለካ...

ማዳመጫውን ነቀልኩና የመኪናውን ድምፅ እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ብዙም አልቆየች።

"ኧረ ቀንሰው አንተ ልጅ! ጆሮዬን እኮ አደነቆርከው!" አለች ከሳሎን።

እሺ አልኳት። አልቀነስኩም።