የሜሮን እናት ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

እምቢ አሉኝ። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "ሌላ ሰው ፈልጊ" አሉና ስፌታቸውን ቀጠሉ። እኔ ሱቃቸው በር ላይ እንደ ጅል ተገትሬ ቀረሁ። ይሄን ያህል ምን አልኳቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የተጠመቅሁት ከምባታ፣ አያቶቼ አገር ባለው የካቶሊክ ሚሲዮን ነው። እዚያ ሕፃን ሲጠመቅ ሜሮን አይቀባም፤ ከፍ ሲል ጳጳሱ ይመጣና ይቀባዋል። እኛ ግን ቶሎ ወደ አዲስ አበባ ስለመጣን የእኔ ነገር ተረሳ። ስለዚህ ይኸው በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ለጰራቅሊጦስ ከሌሎች ስምንት ልጆች ጋር ልቀባ ነው። ትምህርቱን የሚሰጡን መምህር ጳውሎስ እያንዳንዳችን የሜሮን እናት ወይም አባት እንድንመርጥ ነግረውናል። የተመረጠው ሰው በዕለቱ ከኋላችን ቆሞ ትከሻችንን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ዘመድ ነው። ግን ራሱ ሜሮን የተቀባ ካቶሊክ መሆን አለበት። ስም ማስገቢያው እሁድ ያበቃል። እኔ የመረጥኩት እትዬ ዘነበችን ነው።

ለእማዬ "የሜሮን እናት መምረጥ አለብኝ" ስላት "የሜሮን እናት ደግሞ ምን አድርጋ?" አለችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ስሟ ሜሮን ነው። ለሜሮን ስነግራት በሳቅ ሞተች። እሷ ኦርቶዶክስ ስለሆነች ገና በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ተቀብታለች። እስካሁን ሳልቀባ መቆየቴ ግን ከሳቁም በላይ ገርሟታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11

እማዬ ወስና ጨርሳለች። እትዬ አስካለ ይሁኑ ትላለች። ጻፍ ጻፍ አድርጌ ላወዳድር።

እትዬ አስካለ፦ ሜክሲኮ አደባባይ ባንክ ይሠራሉ። ሰው ያውቃሉ (እማዬ ይህን ሦስት ጊዜ ተናገረች)። ቁርባን አያቋርጡም። ሲያገኙኝ ጉንጬን ቆንጥጠው "ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?" ይሉኛል፤ መልሱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ።

እትዬ ዘነበች፦ ጌጃ ሰፈር ልብስ ይሰፋሉ። ሰው አያውቁም። ግን የማያውቁትን "አላውቅም" ይላሉ። አባዬ የሞተ ጊዜ ለምን ለምን እያልኩ ሁሉንም ሳስጨንቅ፣ አንዱ "አይዞሽ" ሌላው "ዝም በይ" ሲለኝ፣ እሳቸው ብቻ "እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም" ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ያን ቀን ነው የመረጥኳቸው። ስለ ሜሮን ምንም ሳላውቅ።

ዛሬ ስንትና ስንት ነገር አሰብኩ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ አይቀሩም፤ ግን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ሲቆርቡ አይቼ አላውቅም። ለምን? እማዬን ብጠይቃት "የሰው ነገር ምን አገባሽ፣ አንቺ ነገር ፈልፋይ" አለችኝ። እሷም አታውቅም ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዩኒፎርሜን ጠርዝ ሆን ብዬ ተረተርኩት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እትዬ ዘነበች ጋ። ጠርዙን ገልበጥ አድርገው አዩና "በምላጭ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ሳቅ አሉና በርጩማውን ገፉልኝ። ያኔ ለምን እንደማይሆኑልኝ ጠየቅኳቸው። ለማንም እንዳልናገር ካስማሉኝ በኋላ ነገሩኝ።

እሳቸውም የከምባታ ልጅ ናቸው። ስምንት ዓመታቸው ሳለ ጳጳስ መጣ ተብሎ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሚሲዮኑ ውስጥ ተሰለፉ። እሳቸው አጭር ስለነበሩ መጀመሪያ ቆሙ። አንዲት ሴት ከኋላ ትከሻቸውን ያዘቻቸው። ጳጳሱ በማያውቁት ቋንቋ አንድ ነገር አለና ግንባራቸውን ቅባት ቀባቸው። ከዚያ ጉንጫቸውን በጥፊ መታቸው። አላመመኝም አሉ፤ ግን ጥፊ ነው። ከሴትየዋ እጅ አምልጠው ሮጡ። ቤታቸው እስኪደርሱ ወደ ኋላ አላዩም።

ለምን እንደተመቱ ያውቃሉ። ጾማችሁ ኑ ተብለው ሳለ መንገድ ላይ ቆሎ በልተዋል።

"አወቀብኝ" አሉኝ። "ዓይኔን አይቶ አወቀብኝ። እኔ እኮ ከፊቱ ተመትቼ የተባረርኩ ነኝ፤ እንዴት ብዬ ነው አንቺን ይዤ የምቆመው?"

በዓመቱ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ መጡ። ለእናታቸውም፣ ለቄስም፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ሠላሳ አራት ዓመት። ለአንድ ጭብጥ ቆሎ! ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ጠርዙን ሰፍተው ሰጡኝ፤ ከበፊቱ ይበልጣል።

አርብ፣ ግንቦት 13

ጳጳስ ሕፃን ይመታል? ሌሊቱን ሙሉ ይሄው ነው ሲያብሰለስለኝ ያደረው። ከትምህርት በኋላ መምህር ጳውሎስን ጠየቅኳቸው። ስም አልጠራሁም፤ "አንድ ሰው" ነው ያልኩት። ቆሎውንም ዘለልኩት።

ሳቁ። "እኔም ተመትቻለሁ እኮ" አሉ። በድሮው ሥርዓት ጳጳሱ ሜሮን ከቀባ በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ጉንጩን መታ ያደርግ ነበር። ሁሉንም። ጥፋተኛውንም ጨዋውንም። በኋላ ቀረ። ከኋላ ትከሻ የያዘችው ሴትም ሌላ ሳትሆን የሜሮን እናት ናት። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ስለተቀቡና ስለሮጡ የሌሎቹን አላዩም! ተሰልፎ የነበረው ልጅ ሁሉ ተመትቷል።

መምህር ጳውሎስ ሳቃቸውን ድንገት አቆሙ። "ያ ሰው እስካሁን አያውቅም?" አሉኝ። አያውቅም አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያ ሰው መቀባቱን ለቄሳችን ለአባ በቃሉ ከመሰከረ ወረቀት ባይኖረውም ይበቃዋል አሉኝ።

ተቀብተዋል! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የተቀቡ ናቸው። በደስታ አብጄ ከቤተክርስቲያን እስከ ቤት በሩጫ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14

ዛሬ ምን ሆነ? ሁሉ ነገር ተበላሸ።

ጠዋት ሄጄ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ያቅፉኛል ብዬ ነበር። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ፊታቸው ጠቆረ። "ሠላሳ አራት ዓመት" አሉ ቀስ ብለው። "አንድ ሰው እንኳ ተከትሎኝ መጥቶ 'ልጄ ለምን ሮጥሽ?' አላለኝም።" እትዬ ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። "ሂጂ አሁን። ሂጂልኝ።"

እኔ ደስታ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የተቀሙትን ነው የነገርኳቸው። ያልተቀበሉት ቁርባን፣ ያልተቀመጡበት የፊት ወንበር፣ ስንት ፋሲካ። ነገር ፈልፋይ ያለችኝ እማዬ እውነቷን ነው።

አለቀስኩ። እማዬ አልጠየቀችኝም፤ "እንግዲህ አስካለን ጻፊያት" አለችኝ። ቅጹን አወጣሁ። ባዶውን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

እሁድ፣ ግንቦት 15

ቅዳሴ ላይ በሩ አጠገብ የሉም። የትም የሉም። ቀሩ እያልኩ ሳስብ ቅዳሴው ሳልሰማው አለቀ።

ከሰዓት ለትምህርት ስገባ ቅጹ ባዶውን ኪሴ ውስጥ ነበር። መምህር ጳውሎስ መሰብሰብ ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው አዲስ ደብተር። ገና አሁን የተገዛ፣ ከእኛ ደብተር ጋር አንድ ዓይነት። አባ ዘንድ ነበርኩ፣ ጨርሻለሁ አሉ። ምኑን እንደጨረሱ ለማንም አላብራሩም። መጥተው እኔ ወንበር ላይ፣ ጎኔ ተጠግተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሩ። ልጆቹ ተንሾካሾኩ።

ከዚያ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ያ ጥፊ ምን ማለት ነበር?"

አርብ ዕለት በደስታዬ ይህን ሳልጠይቅ ነው የሮጥኩት፤ እኔ፣ ለምን ባይዋ። መምህር ጳውሎስ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። ገባቸው። መጽሐፉን ዘጉ።

"ስለ እምነትሽ የሚደርስብሽን ሁሉ ቻይው ማለት ነበር፣ ልጄ።"

እትዬ ዘነበች ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉት። ቀስ ብለው፣ ፊደሉን እየጠበቁ። ጽፈው ሲጨርሱ በከንፈራቸው መልሰው አነበቡት።

"እንግዲያው ችዬዋለሁ" አሉ።

ከዚያ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ቅጹን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ።