ከውስጥ ያለው ቀይ

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሥራ የለም። ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ። ነጭ… የክሊኒክ ነጭ። ትናንት የተማሪዬ የአሮሂ እናት በስክሪኑ አጮልቃ «መምህርት፣ ሆስፒታል ነው እንዴ የምታስተምሪው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ስዘጋው ግን አናደደኝ። ባሕር ማዶ ለተወለዱ ልጆች ኔፓልኛ አስተምራለሁ፤ ከኋላዬ የሚታያቸው ግን የትም አገር አይመስልም።

ሞቅ ያለ ቀይ እፈልጋለሁ። የአፈር ቀይ።

መስከረም 6

ከቀለም ሱቅ አራት ናሙና ገዛሁ። ባለሱቁ ካርዱን ዘርግቶ «ይሄ የሸክላ ነው፣ ይሄ የጡብ፣ ይሄ ደግሞ እህቴ፣ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚወስደው» አለኝ። መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቀባሁ። አንዱ የቲማቲም አቻር፣ የምግብ ማባያ መሰለ። አንዱ የድስት ቂጥ። አንዱ የከንፈር ቀለም! አራተኛው ደህና ነበር፣ ሲደርቅ ወደ ሐምራዊ ሄደ።

የምፈልገውን አውቀዋለሁ እኮ። ፓልፓ፣ ያደግኩበት ቤት፣ ግድግዳው ላይ ከወገብ በታች የነበረው ቀይ። የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ ጁንማያ፣ በየዓመቱ ለዳሳይን በዓል በመዳፏ የምትለቀልቀው። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ቤቱን በሲሚንቶ ከሠራው ወዲህ ግን ግድግዳው የፋብሪካ ሮዝ ሆኗል። አፈር የሚነካ የለም።

መስከረም 9

እትዬ ጋ ደወልኩ።

«ከተሜዋ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

የምፈልገውን ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው። «እኛ ከአፈር ቤት ለመውጣት ስንት ዓመት ለፋን፣ አንቺ ተመልሰሽ ልትገቢበት?» ከዚያ ደግሞ… «እሺ፣ እልክልሻለሁ። ለዳሳይን ትመጫለሽ?»

«ሥራ በዝቶብኛል እትዬ።»

ለበዓል ሳልሄድ ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። «ግድ የለም። አፈሩ ይመጣልሻል» አለች።

መስከረም 14

ፎቶ ላከች። አንድ እፍኝ አፈር። ቢጫ ነገር።

«እትዬ፣ ይሄ ቢጫ ነው። የድሮው ቀይ የለም?»

«እሱ ከላይ አልቋል የኔ ልጅ። አሁን ያለው ከውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ከውስጥ ያለውን» አልኳት። እንደ ዋዛ። ሻይ እየጠጣሁ።

መስከረም 17

ጋሼ ደወለ። እትዬ አፈር ስትቆፍር ጉድጓዱ ተንዶባታል። እስከ ደረቷ ተቀብራ፣ አብረዋት የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች በእጃቸው ቆፍረው አወጧት። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሕይወት አለች።

«ምን አባቷ ፈልጋ እንደገባች እንጃ!» እያለ ይጮኻል። «ሲሚንቶ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት አፈር ምን ያደርግላታል?»

እኔ አውቃለሁ። አልነገርኩትም።

መስከረም 18፣ አውቶቡስ ውስጥ

ከውስጥ ያለውን… ከውስጥ ያለውን… ሌላ ሐሳብ የለኝም።

መስከረም 19

እትዬን ሆስፒታል አየኋት። አልጋው ላይ ትንሽ ሆናለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ በጀሶ ነው።

«እስቲ አንቺ ጠይቂያት!» አለኝ ጋሼ።

«ስንቴ ልንገርህ? ለደጃፉ ነው» አለች እኔን ሳታይ። «ለበዓል ደጃፉን ልለቅልቅ ብዬ።»

እሱ ወጣ ሲል «እትዬ…» አልኩ።

«ዝም በይ። በዓመት በዓል ከወንድምሽ አላጣላሽም። ዋናው መጣሽ አይደል?»

ደስ ብሏታል። እኔን በማየቷ ደስ ብሏታል! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ… መሬት። እሱንም ለማለት አፈርኩ።

አንድ ነገር ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ። ጥፍሮቿ ሥር ቀይ ነበር። ያ ቀይ፣ ልክ እሱ። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ከጀሶው በፊት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መስከረም 25

እትዬን ቤት አመጣናት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋሼ ያንኑ ይደግመዋል። «ሮዝ ቤት ሠራሁላት፣ እሷ እንደ አይጥ ጉድጓድ ገባች!» ሰው ይስቃል። እትዬም አብራ ትስቃለች። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ ቀዳሁ።

መስከረም 28

ነገ እነግረዋለሁ።

መስከረም 29

አልነገርኩትም።

ጥቅምት 2፣ የቲካ ቀን

ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቧል። ጋሼ ሳህኑን ይዞ ምንጣፍ ላይ፣ እትዬ አጠገቡ። ቲካው በእርጎ የተለወሰ ሩዝና ቀይ ዱቄት ነው፤ ታላቅ የታናሹን ግንባር እየቀባ ይመርቅበታል። ተራዬ ደረሰና ፊቱ ቁጭ አልኩ። በጣቶቹ ዝቆ፣ ግንባሬ ላይ ሊያደርግ ሲል ምርቃቱን ጀመረ። «ዕድሜሽ ይርዘም፣ ሥራሽ ይቃና…» ወደ እትዬ በአገጩ ጠቆመና «እንደዚች አፈር የሚያምራት አያድርግሽ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ ጀሶዋን እያየች ሳቀች።

«ያማረው እኔን ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት።

«አፈሩ ለኔ ነበር ጋሼ። ለካትማንዱ ግድግዳዬ። ቢጫውን ብታሳየኝ አልፈልግም ብዬ፣ ከውስጥ ያለውን አምጪ ያልኳት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ቀን ስትሰድባት ዝም ብዬ የሰማሁትም እኔ ነኝ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሩዙ ከጣቱ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ማንም ዓይኔን አላየኝም።

እትዬ በግራ እጇ ቀባችኝ። ተጣሞ ቅንድቤ ላይ ወረደ። «ጅል» አለችኝ በጆሮዬ። «ይሄን ሁሉ ቀን ተሸክሜልሽ፣ ዘመድ ፊት ጣልሽው?»

ይቀልለኝ ይሆን ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ጥቅምት 5

ጋሼ አያናግረኝም። ሲገባ እወጣለሁ፣ ስገባ ይወጣል። ቲካ እስከ ጨረቃዋ ሙላት ይቻላል፤ ሁለት ቀን ቀርቷል። ያለ ታላቅ ወንድም ምርቃት ልሄድ ነው? ቢሆንም ይገባኛል።

በረንዳው ጥግ አንድ ጆንያ አለ። ግማሽ ነው። ጎረቤቶቹ ከእሷ ጋር ያወጡት። ይሄን ሁሉ ቀን በአጠገቡ ሳልፍ አላየሁትም… ወይስ ማየት አልፈለግኩም?

ጥቅምት 6

ጆንያውን ፈታሁት። ካትማንዱ አይሄድም። ደጃፉ ላይ ተንበረከክኩ። እትዬ ወንበር አስወጥታ አለቃ ሆነችብኝ።

«ውሃ አበዛሽ! ገንፎ ነው እንዴ? በመዳፍሽ እንጂ በጣትሽ አይደለም። ኧረ ይቺ ናት መምህርት!»

«ለደጃፉ ነው ብለሽ የለ?»

«ብያለሁ። እንግዲህ ውሸቴን እውነት አርጊልኝ።» ሳቀች፣ ሳቁ ክንዷን አመማትና ፊቷ ተጨማደደ።

ጋሼ አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ።

ጥቅምት 7

የመጨረሻው ቀን። ጠዋት ጋሼን በረት ውስጥ ከሚያልባቸው ጎሾች ጋር አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ነገ ልሄድ ነው።»

«እንደተቆጣሁሽ ነው የምታስቢው?» ሣሩን እየበተነ። «ተቆጥቻለሁ። እሱማ አለ። ግን ሰው ፊት መሳቂያ ያደረጋት ይሄ አፍ ነው። ለምን ገባሽ ብዬ ጮኽኩባት እንጂ አመመሽ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳት። በዚህ አፍ ምን ብዬ ልመርቅሽ?»

አንገቱን ደፋ። የኔን ያህል ማፈሩን አላወቅኩም ነበር። ሁለታችንም ጎሾቹን እያየን ቆምን።

እትዬ ከበረንዳው ጮኸች። «አፍራችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ! ሩዙ ደረቀ!»

ቀይዋን ደጃፍ እንዳንረግጥ እየተራመድን ገባን። ጋሼ ጣቱን ግንባሬ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ኋላ አንዲት ነገር ብቻ አለኝ።

«የምትፈልጊውን ሳይቆፈር ከላይ አግኚው።»

ጥቅምት 10

ካትማንዱ። አራቱን ናሙናዎች በነጭ ሸፈንኳቸው። ትምህርት ጀመርን።

«መምህርት፣ ጥፍርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለች አሮሂ።

አየሁት። ቀይ… ሦስት ጊዜ ታጥቤ ያልለቀቀ። እጄ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሊሄድ ነበር። መልሼ አመጣሁትና ካሜራው ፊት ያዝኩት።

«የእትዬ ደጃፍ ነው» አልኳት።

እናቷ ከኋላዋ ብቅ አለች። «ግድግዳውስ? ቀለም መሞከርሽ ቀረ?»

«ቀረ» አልኩ። «የእትዬ ጀሶ የሚፈታ ቀን ፓልፓ ነኝ፣ ትምህርት የለንም።»