ታናሻችን ሊቀ ጳጳስ ሆነ

በእናቴ ምትክ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ቤት ባለቤቴም ልጆቼም ይበላሉ፣ ይስቃሉ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የያዘኝም ሐኪም የሚያውቀው በሽታ አይደለም።

ወሬው ደርሶሽ ይሆናል። ታናሻችን፣ እናታችን «ጭምቱ» ትለው የነበረው፣ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ንፍጡን የጠረግኩለትን ልጅ «ብፁዕ አባታችን» ልለው ነው። አንቺ ሳቂ፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

መንፈሳዊ ትምህርት ቤት አብረን እንደገባን ታስታውሻለሽ። በፈተና አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። እሱ ሲሰብክ ምላሱ እየተያዘ አንዱን ቃል ሦስቴ ይጀምረው ነበር። ክህነት ከተቀበልን በኋላ ይህ ሰበካ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጣሪያው በሚያፈስ ቤተ ክርስቲያን ባልዲ አቀያይራለሁ። እሱን ማንም ወደማይፈልገው ሥራ፣ ወደ እስር ቤት ላኩት። እስረኞቹ ወደዱት። «ሌላው ቄስ ይናገራል፣ እሱ ይሰማል» አሉ። ከዚያ ምእመኑ ለሁለት ተከፍሎ በሩን የቆላለፈበትን ሰበካ አስታርቅ ተባለ። ሰባት ወር ከሁለቱም ወገን ጋር ወለል እየጠረገ አስታረቃቸው። ጳጳስ አደረጉት። እኔም አንጀቴ እያረረ፣ ጥርሴ እየሳቀ፣ በየሹመቱ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከምርጫው በፊት ከአስመራጮቹ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው «ወንድሙ ነዎትና እኛ የማናውቀው ነገር ካለ ይንገሩን» አሉኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። «መወሰን አይሆንለትም፤ ሰው እንዳይቀየመው ይፈራል። ይህን ወንበር አይችለውም» አልኳቸው። አንደኛው ጻፈው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አጣሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ያም ሆኖ መረጡት፤ ይባስ ብሎ በሙሉ ድምፅ።

ከሹመቱ በዓል በፊት በነበረው ቀን ብቻውን መጣ። ወጥ ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና «ስለ እኔ ያልከውን አነበቡልኝ» አለ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። «ውሸት ነው አልልህም፤ እውነት እፈራለሁ። ግን ለእነሱ ከምትናገር መጀመሪያ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ። ሲኒ አንሥቼ ማጠብ ጀመርኩ። እሱም «ነገ ካባውን የምታለብሰኝ አንተ ነህ» አለኝ። «ሌላ ሰው ፈልግ» ስለው «ሌላ ወንድም ከየት ላምጣ?» ብሎ ተነሣ።

አለበስኩት። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ የካባው ማያያዣ አልገባ አለኝ። እሱ ግን ሳይቸኩል፣ እናቱ ፊት እንደቆመ ሕፃን አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቀኝ።

ይቅር ብሎኛል፤ አውቃለሁ። በይቅርታም ቀደመኝ፤ እትዬ፣ በዚህም ቀናሁበት! ይቅርታ ልጠይቀው ወረቀት ባነሣ ብዕሬ ወደ አንቺ ዞረ።

ባለቤትሽን በብዙ ሰላም በይልኝ፤ ሲጋራውን ይተው። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንድታልፍ እየጸለይኩላት ነው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው።

እሱ ከጻፈልሽ ስለ እኔ ያለውን ሳትደብቂ ንገሪኝ። መልስ ስትሰጪ ግን፣ እባክሽ እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከእሱ በፊት ለእኔ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከሰበካው ቤት፣ መጋቢት 9 ቀን