የሦስት ሰከንድ እርማት

ውድ እትዬ፣

ባለፈው ስደውል እህትዎ «ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው» ስላሉኝ ደህና ነዎት ብዬ እጀምራለሁ። የምጽፍልዎ ግን ጤናዎን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ጣቢያው ምድር ቤት ወርደው አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። የመለስኩልዎ ሐሰት ነው። እርስዎ ግን አመኑኝ፤ በዚያ መልስ ላይም ትልቅ ሕንፃ ተሠራ። ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ሥራዬን ያስታውሱታል። የመሬት መንቀጥቀጡን የሚመዘግበው መርፌ ወረቀቱ ላይ ሲጭር፣ የጫረበትን ሰዓት የሚነግረን የግድግዳው ባለ ፔንዱለም ሰዓት ነበር። እኔ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ትንሿን ሬዲዮ ከፍቼ የሰዓት ምልክቱን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ የእኛ ሰዓት ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ይኸው ነው። «አቶ ሰከንድ» ያላችሁኝም ለዚህ ነው።

በዚያው ወር ዳይሬክተሩ ራሱን በራሱ የሚያርም ሰዓት አስመጥቶ እኔን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያዛውረኝ አስቦ ነበር። እርስዎ ስብሰባው ላይ ምን እንዳሉ ጸሐፊዋ ነግራኛለች፦ «ማሽን ሲሳሳት ማንን እጠይቃለሁ? ሰውዬው ይቆይልኝ። ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል።» እኔም ቆየሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጣቢያውን ሬዲዮ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። የቤቴ ሬዲዮ ተበላሽቶ ነበር፤ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከዚያም ፍጹም ቅጣት ምት ገባ። ቡድኔም ተሸነፈ፣ ባትሪውም አለቀ። እሑድ ጠዋት ምድር ቤት ገብቼ ብከፍተው ድምፅ የለም። ሱቆች ዝግ ነበሩ። መዝገቡ ላይ እንደ ወትሮው «0.2 ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩ። ሰኞ ዘበኛውን ባትሪ እንዲገዛ ልላከው ብል «ቅዳሜ የገዛሁልህን የት አደረስከው?» ማለቱ አይቀርም። 0.2 ጻፍኩ። ማክሰኞም እንደዚያው።

ያ ሳምንት ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ቅዳሜውኑ የምድር ቤቱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ነበር። ብረት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ፔንዱለም ሲያጥር ሰዓት ይፈጥናል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኮቴን ደርቤ ተቀመጥኩ እንጂ ሰዓቱም ይበርደዋል ብዬ አላሰብኩም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ነበር፤ ብርጭቆዎች ተንኳኩ፣ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ሰው አልተጎዳም። ረቡዕ ጠዋት በራሴ ገንዘብ ባትሪ ገዝቼ ሬዲዮውን ስከፍት ሰዓታችን ከሦስት ሰከንድ በላይ ቀድሞ አገኘሁት። ወደ ቦታው መለስኩት። መዝገቡ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ያን ዕለት አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር።

ሐሙስ እርስዎ ወረቀቱን ይዘው ወረዱ። መጀመሪያ ፈጣኑ ሞገድ ይደርሳል፣ ተከትሎት ዘገምተኛው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። «መብረቁን ታያለህ፣ ነጎድጓዱን ትጠብቃለህ፤ ለዚህ የግድግዳ ሰዓት አያስፈልግህም» ይሉኝ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ልዩነቱ አራት ሰከንድ ነበር፤ ከጣቢያው ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ልክ ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ሥር። ፈጣኑ ሞገድ ደረሰበት የተባለው ሰዓት ግን መነሻውን ከኮረብታው ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር አርቆ፣ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ላይ ይጥለዋል። የቀሩት ሁለት ጣቢያዎች ሩቅ ስለነበሩ የሚወስነው የእኛ ቃል ነበር።

«ሰከንድ፣ ሁለቱ አልታረቁልኝም» አሉኝ። «ሰዓቱ ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ እትዬ። በየጠዋቱ በጆሮዬ ሰምቼ ነው የጻፍኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰዓቱን ነው እኔን የሚጠረጥሩት?»

ሳቁ። «አንተን ከጠረጠርኩማ ማንን ላምን ነው! እንግዲያው ያረጀው የእኔ ዓይን ነው።»

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመትዎ ነበር።

ከዚያ እርሳስዎን አውጥተው፣ የዘገምተኛው ሞገድ መድረሻ ብለው ካሰመሩት ቀጭን መስመር አጠገብ የጥያቄ ምልክት ጻፉ። ለከተማው አዘጋጅተውት የነበረውን ማስጠንቀቂያም ሰጡኝ፤ ኮረብታው ሥር ስንጥቅ ሳይኖር እንደማይቀርና ከአንድ ፎቅ በላይ እንዳይሠራበት የሚለውን። «ጀርባው ንጹህ ነው፣ ለሒሳብ ይሁንህ» አሉኝ። በምትኩ ሌላ ሪፖርት ጽፈው፣ መነሻው ሜዳው ነው ብለው ፈረሙ። የከተማ ፕላን ኃላፊው ሪፖርቱን ሊወስድ ሲመጣ በደስታ ምን እንዳለ አይረሳኝም፦ «ሜዳውማ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ! እዚያ ያለው ጥንቸል ነው፤ ጥንቸል ደግሞ ፎቅ አይሠራም።» በሁለተኛው ዓመት ኮረብታው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት ተሠራ። እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ለእኔ ረጅም ነው፤ ለስንጥቅ ግን ምንም እንዳልሆነ ከእርስዎ ተምሬአለሁ።

ትናንት ሰኞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አስጠራችኝ። እርስዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ የመጣች ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት። የድሮዎቹን ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተር እያስገባች ነው። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅታት ትጠራኛለች።

«አቶ ሰከንድ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለች። «በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባሕር ማዶ ትልቅ መንቀጥቀጥ ነበር። ሞገዱ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ይታወቃል። ሁሉም ጣቢያ በሰዓቱ ደርሷል፤ እናንተ ዘንድ ብቻ ሦስት ሰከንድ አርፍዷል። መንገድ ላይ ሻይ ሲጠጣ ነው?»

ሳቅኩ። ቀጥላ የረፋዱን ወረቀት ዘረጋችው። የእርስዎ መስመር አለ፣ ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክቱ አለ።

«እኚህ ሴትዮ ከዚህ ቀን በፊት አንድም ቀን የጥያቄ ምልክት አልጻፉም» አለች። «ከዚህ በኋላ ግን ቆጠርኩት፤ መቶ ዐሥራ አራት ነው። ምልክት ያደረጉባቸውን ንባቦች ሁሉ በአዲሱ ዘዴ ፈተሽኩ። ከሁለቱ በቀር በሙሉ ልክ ናቸው። ምን ነክቷቸው ነው?»

«ነገ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አምስት ደቂቃ ባረፈድኩ ቁጥር ስታስተምረኝ የኖርከው አንተ ነህ?» አለችኝ። እራት ላይ «ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ለእትዬ ንገራቸው» አለች።

አሁን የምጠይቅዎ አለ። ትምህርት ቤቱ ላይ ሁለት ፎቅ ሊጨመር ነው። የከተማው ኮሚቴ የሚወስነው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ሲሆን፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ብቸኛ የመሬት ጥናት የእርስዎ ፊርማ ያለበት ሪፖርት ነው። እኔ ቀርቤ ስለ ሰዓቱ እመሰክራለሁ፤ ስለ መሬቱ ግን የእኔ ቃል አይበቃም። ጉልበትዎ ከፈቀደ ይምጡ፤ ካልፈቀደ ሪፖርቱን የሚሽር ሁለት መስመር ይላኩ። ስምዎ ሳይነሳ እንዲያልፍ ማድረግ አልችልም። ስሕተቱ የማን እንደነበረ ግን በጽሑፍ አኑሬአለሁ።

ማስጠንቀቂያዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሳይበላሽ አለ። ጀርባው ላይ ምንም አልጻፍኩበትም፤ ለምን እንዳልጻፍኩ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሠራተኛዋ ሰምታኝ ስትጨርስ ላጲስ ጠየቅኳት። «አይቻልም» አለች፤ «የተጻፈ አይጠፋም። እርማት ከአጠገቡ ይጻፋል።» ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ እጄ ቸኩሎ ነው። እርሳስ ሰጠችኝ። ከጥያቄ ምልክትዎ ቀጥሎ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጣቢያው ሰዓት ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ነበር። ሰዓት ጠባቂው ያውቅ ነበር። የዘገምተኛው ሞገድ ንባብ ልክ ነው።» ከሥሩ ፈረምኩ።

አክባሪዎ፣
ሰከንድ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ። በሬዲዮ አረጋግጫለሁ።